በደቡብ መስመር የሚሄዱት ስንት ናቸው? የፍልሰት ቆጠራና የዶዮገና ቤተሰቦች ጥያቄ

ሆሳዕና፦ መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ከማላዊ አቅጣጫ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ለፍተሻ እንዲቆም ተደረገ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ። በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። ሟቾቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ በጉዞ ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተገለጸ።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር በዶዮገና፣ በዱራሜ፣ በሆሳዕናና በአካባቢው የገጠር ቀበሌዎች ልጆቻቸውን በዚያ መስመር የሸኙ ቤተሰቦች በቅድሚያ የሚያነሱት ጥያቄ የእነርሱ ልጅ ከሟቾቹ መካከል መኖር አለመኖሩን የሚመለከት ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ማግኘት የሚቻለው ማን እንደሄደ፣ መቼ እንደሄደና የት እንደደረሰ አስቀድሞ የመዘገበ አካል ሲኖር ነው። በሕጋዊ መንገድ ባልተካሄደ ጉዞ ግን ይህን የመዘገበ አካል ማግኘት ብዙ ጊዜ አዳጋች ነው።

የሰዎችን መፈናቀልና ከአገር አገር የሚደረግ ፍልሰትን የመከታተል ሥራ ከቁጥር በላይ ትርጉም የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ለመንግሥት የዕቅድ መነሻ፣ ለረድኤት ድርጅት የእህልና የድንኳን መጠን መወሰኛ ሲሆን፣ ለአንድ የዶዮገና እናት ደግሞ ልጃቸው በሕይወት መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጡበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

ዶዮገና እና የደቡብ መስመር

የዶዮገና ወረዳ ቀደም ሲል በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በከምባታ ጠምባሮ ዞን ሥር የነበረ ሲሆን፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ወረዳዎች አንዱ ነው። ከሆሳዕና በአረካ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ይህ ደጋማ አካባቢ በእንሰት አምራችነቱና በዶዮገና በግ ዝርያው ይታወቃል። የሕዝቡ ጥግግት ከፍተኛ በመሆኑ አንድ አባወራ የሚያርሰው መሬት በአብዛኛው ከግማሽ ሄክታር ብዙም አይርቅም። መሬቱ ለሁሉም ልጆች ቢካፈል ለአንዳቸውም የሚበቃ ስለማይሆን ትምህርቱን ያጠናቀቀ ወጣት ሥራ ፍለጋ ዓይኑን ወደ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ያማትራል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የከምባታ ጠምባሮ ዞን ሕዝብ ከ680 ሺህ በላይ፣ የሀዲያ ዞን ሕዝብ ደግሞ ከ1 ነጥብ 2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ባለመካሄዱ ለዕቅድ የሚያገለግሉት አኃዞች በትንበያ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ትንበያ የተወለዱትንና የሞቱትን በስሌት ሊገምት ይችላል፤ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ሞያሌ የሄደን ወጣት ግን በቀላሉ አያገኘውም።

በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1994 ካበቃ በኋላ አገሪቱ ለብዙ አፍሪካውያን የሥራ ተስፋ ሆና ታየች። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአገሪቱ የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት የጠየቁ ሰዎች ጉዳያቸው እስኪታይ ድረስ በአገሪቱ እንዲቆዩ የሚፈቅድ በመሆኑ መንገዱን ይበልጥ ሳቢ አደረገው። ከሀዲያና ከከምባታ የሚደረገው ጉዞም ከ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አንስቶ እየተጠናከረ መጣ።

በሀዲያ ፍልሰት ላይ ተከታታይ ጥናት ያካሄዱት ዶክተር ደረጀ ፈይሳ ጉዞውን በድህነት ብቻ መተርጎም እንደማይቻል አመልክተዋል። በጥናታቸው ከኢኮኖሚው ጎን ለጎን የአካባቢው ፖለቲካዊ ሁኔታ፣ ማህበራዊ ክብርን የመሻት ፍላጎትና ሃይማኖታዊ እምነት የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው ተመልክቷል። በ1993 ዓ.ም. በሆሳዕና በተካሄደ መንፈሳዊ ጉባዔ ላይ ከውጭ የመጡ ሰባኪ የተናገሩት ትንቢት የደቡቡን መንገድ የሚከፍት መለኮታዊ ፈቃድ ተደርጎ በብዙዎች ዘንድ መወሰዱም በጥናቶቹ ተመዝግቧል።

መጀመሪያ የሄዱት በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና አካባቢ፣ እነርሱ «ሎኬሽን» በሚሏቸው የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሮችና በገጠር ከተሞች በንግድ ሥራ ተሰማሩ። ልብስና ብርድ ልብስ ተሸክመው ቤት ለቤት በዱቤ በመሸጥ ጀምረው ሱቅ የከፈቱ ብዙዎች ናቸው። በሆሳዕና የተገነቡ ሕንጻዎች፣ በገጠሩም የሣር ክዳንን የተኩ የቆርቆሮ ቤቶች በከፊል የዚህ ገንዘብ ውጤቶች ናቸው። ወንድም ወንድሙን፣ አጎት የእህቱን ልጅ ለመውሰድ ለደላላ የሚከፈለውን ይልካል። ይህ በማይኖርበት ጊዜ ከብት ይሸጣል፣ መሬት በኮንትራት ይሰጣል፣ ዕቁብ ይጣላል፣ ብድር ይገባል። ቆየት ብሎም በዚያ ከሚኖሩ ወንዶች ጋር በመታጨት የሚሄዱ ሴቶች ቁጥር ታክሎበታል።

ይሁንና በደቡብ አፍሪካ የሚጠብቀው ኑሮ ሁልጊዜ የታሰበው ዓይነት አይደለም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ዜጎች ላይ በተነሣው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን፣ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በድጋሚ በተቀሰቀሰው ጥቃት የኢትዮጵያውያን ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል።

ፍልሰት እንዴት ይቆጠራል?

በፍልሰት መረጃ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች አሉ። አንደኛው በአንድ ወቅት ከትውልድ አገራቸው ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ጠቅላላ ብዛት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን ቁጥር በዓለም ደረጃ 304 ሚሊዮን ገምቶታል። ሁለተኛው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ፍሰት ነው። የመጀመሪያው በሕዝብ ቆጠራና በናሙና ጥናት ሊታወቅ ይችላል። ሁለተኛው ግን ውኃን በወንዝ ላይ እንደ መለካት በመሆኑ በተመረጡ ቦታዎች ላይ የማያቋርጥ ክትትል ይጠይቃል።

ለዚህ ሥራ በስፋት ከሚታወቁት መሣሪያዎች አንዱ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይ ኦ ኤም) የመፈናቀል መከታተያ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በኢራቅ የተጀመረ ሲሆን፣ በኋላ ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ አገራት ሥራ ላይ ውሏል። ዋና ዋና ክፍሎቹም አራት ናቸው። እነርሱም የተፈናቃዮችን መጠለያዎችና መንደሮች በየጊዜው እየጎበኙ መገምገም፣ በመተላለፊያ ቦታዎች ላይ የሰዎችን ፍሰት መመዝገብ፣ ተፈናቃዮችን በስም መመዝገብና የናሙና ጥናት ማካሄድ ናቸው።

በአገር ውስጥ መፈናቀል ረገድ የሥርዓቱ ጥቅም በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በግልጽ ታይቷል። በወቅቱ በሁለቱ ዞኖች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መፈናቀላቸው በዚሁ ክትትል የተመዘገበ ሲሆን፣ እህል፣ ውኃና መጠለያ ለማቅረብ የተደረገው ርብርብ መነሻ ያደረገው ይህንኑ መረጃ ነበር። ተፈናቃይ በአንድ መጠለያ ወይም በዘመድ ቤት የሚገኝ በመሆኑ ቢያንስ ሄዶ ማየት ይቻላል። ድንበር ተሻጋሪ ፍልሰት ግን ከዚህ የተለየ ነው።

በድንበር አካባቢ ክትትሉ የሚካሄደው በፍሰት መከታተያ ጣቢያዎች ነው። በኢትዮጵያ ከተቋቋሙት መካከል ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድ መተማ፣ ወደ ጅቡቲ ጋላፊና ደወሌ፣ ወደ ሶማሌላንድ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ ኬንያ ደግሞ ሞያሌ ይገኙበታል። የመረጃ ሰብሳቢዎቹ ተግባር ሰዎችን ማስቆም ወይም ሰነድ መመርመር አይደለም። በጣቢያው የሚያልፉትን በመመልከትና ፈቃደኛ የሆኑትን በመጠየቅ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የተነሡበት አካባቢ፣ የሚሄዱበት አገርና የጉዞ ምክንያት ይመዘግባሉ። የተሰበሰበው መረጃ ተጠቃሎ ፍልሰቱ በየትኛው መስመር እንደጨመረና እንደቀነሰ ያመለክታል።

ከኢትዮጵያ የሚነሡት መስመሮች በሦስት ይከፈላሉ። የምሥራቁ መስመር በጅቡቲና በየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የሰሜኑ በሱዳንና በሊቢያ ወደ አውሮፓ፣ የደቡቡ ደግሞ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ በማላዊ፣ በዛምቢያ፣ በሞዛምቢክ ወይም በዚምባብዌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ያመራል። ከፍተኛውን ቁጥር የሚያስተናግደው የምሥራቁ መስመር ሲሆን፣ ከሀዲያና ከከምባታ በብዛት የሚጓዙት ግን በደቡቡ ነው።

ቆጠራው የማያያቸው

በደቡቡ መስመር ላይ በስፋት የተጠቀሰው ግምት የአይ ኦ ኤም ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነው። በዚህ ጥናት መሠረት በየዓመቱ ከ17 ሺህ እስከ 20 ሺህ የሚደርሱ፣ በአብዛኛው ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን የሆኑ ወንዶች በሕገወጥ አሻጋሪዎች አማካይነት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይጓዙ ነበር። አኃዙ የተገኘው በየድንበሩ በተደረገ ቆጠራ ሳይሆን ከስደተኞች፣ ከአሻጋሪዎችና ከየአገሩ ባለሥልጣናት ከተሰበሰበ መረጃ በስሌት ነው።

አንድ የመንግሥት ኃላፊ እንዲህ ያለ አኃዝ ሲቀርብለት ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። አንደኛ፣ የመከታተያ ጣቢያ የሚቆጥረው በጣቢያው በኩል ያለፈውን ብቻ ነው። አሻጋሪዎች ግን ሥራቸው መሰወር በመሆኑ ሌሊትንና የጫካ መንገድን ይመርጣሉ፤ ክትትል በተጠናከረበት ቦታ ፈንታም ሌላ መተላለፊያ ይከፍታሉ። በመሆኑም በአንድ ጣቢያ ላይ የቁጥር መቀነስ ቢታይ የፍልሰት መቀነስ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ጣቢያው የሚቆጥረው እንቅስቃሴን እንጂ ሰውን አይደለም። አንድ ወጣት በሞያሌ በኩል ወጥቶ፣ ተይዞ ተመልሶ፣ እንደገና ቢወጣ በመዝገቡ ላይ እንደ ሁለት መውጫና አንድ መግቢያ ሊታይ ይችላል። ሦስተኛ፣ የሚጠየቀው ሰው መድረሻውን ላይናገር ይችላል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ያሰበ ወጣት በደላላው ምክር ናይሮቢ ዘመድ ሊጠይቅ እንደሚሄድ ቢናገር መረጃው ኬንያን መድረሻ አድርጎ ይመዘግባል።

የቤት ለቤት ናሙና ጥናት ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የሥራ ኃይልና የፍልሰት ጥናት ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት 839 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ወደ ውጭ አገር መሄዳቸው ተገምቷል። ጥናቱ የሚጠይቀው ቤት የቀሩትን ቤተሰቦች በመሆኑ በድንበር ላይ የተሰወረውን ጭምር ሊያገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ የናሙና ጥናት ለአገርና ለክልል የሚሆን አኃዝ ሲሰጥ፣ ከአንድ ወረዳ ወይም ከአንድ ቀበሌ የሄዱትን ለይቶ ለማሳየት አይበቃም።

የአስተዳደር መዛግብትም የየራሳቸው ወሰን አላቸው። በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ያለው የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ወደ ውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ ለሥራ የሚሄዱትን ይመዘግባል። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት ዙሪያ የተደረጉት የሁለትዮሽ ስምምነቶች ግን በዋነኛነት የመካከለኛው ምሥራቅ አገራትን የሚመለከቱ ናቸው። ስለዚህ ከዶዮገና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ በሕጋዊ መንገድ የሄደች የቤት ሠራተኛ በመዝገብ ላይ ስትገኝ፣ ጆሃንስበርግ ለመድረስ የወጣው ወንድሟ በየትኛውም መዝገብ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ስማቸው ያልታወቀ ሟቾች

የመረጃው ክፍተት ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያስከትለው ሞት ሲደርስ ነው። በሰኔ 2004 ዓ.ም. በታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ በጭነት መኪና ታፍነው የሞቱ ከ40 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን አስከሬን የተገኘ ሲሆን፣ በዚያው ወር በማላዊ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ከ40 በላይ ተጓዦች አልቀዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ ምዚምባ ወረዳ በጅምላ መቃብር ውስጥ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነባቸው 25 ሰዎች አስከሬን፣ በማግስቱም ተጨማሪ አስከሬኖች ተገኝተዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታህሳስ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ ዳርቻ በመንገድ ላይ የተጣሉ 27 አስከሬኖች ተገኙ፤ ከመካከላቸው እስትንፋሱ ያልተቋረጠ አንድ ሰው ወደ ሆስፒታል ተወስዷል።

በእነዚህ ሁሉ ክስተቶች የሟቾች ቁጥር ወዲያውኑ ለዓለም ተነግሯል። ስማቸውን ማወቅ ግን ቁጥራቸውን የማወቅ ያህል ቀላል አልነበረም። በሕገወጥ አሻጋሪ የሚጓዝ ሰው ፓስፖርት ላይኖረው ይችላል፤ ያለውም በአሻጋሪው ትዕዛዝ ሊጥለው ወይም ሊቀማ ይችላል። በዘረመል ምርመራ ማንነትን ለመለየት ደግሞ ናሙና የሚሰጥ ቤተሰብ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ቤተሰቡ የሚታወቀው ልጁ መጥፋቱን ያመለከተበት ቦታ ካለ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 በጣሊያን ላምፔዱዛ ደሴት አቅራቢያ ከደረሰው የጀልባ አደጋ በኋላ፣ አይ ኦ ኤም በዓለም ዙሪያ በፍልሰት መንገዶች ላይ የሞቱትንና የጠፉትን የሚመዘግብ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2014 ጀምሯል። ፕሮጀክቱ የሚመዘግበው የታወቀውን ብቻ በመሆኑ አኃዙ ዝቅተኛው ግምት መሆኑን ድርጅቱ ራሱ ያሳስባል። በጫካ የተቀበረና ማንም ያላየው ሟች በዚህ መዝገብ አይገኝም።

በአገር ቤት ውጤቱ በቤተሰቡ ላይ ይታያል። ሞቱ ያልተረጋገጠ ልጅ ለቅሶ አይቀመጥለትም፤ ዕድሩም ድንኳን አይተክልም። ሚስት ባል አላት ወይስ የላትም የሚለው ሳይለይ ዓመታት ያልፋሉ። የውርስ ጉዳይ ይንጠለጠላል፤ ለደላላ የተከፈለው ብድር ግን ይቀጥላል። ደላላው ተጨማሪ ገንዘብ ለመጠየቅ ስልክ ቢደውል እንኳ ቤተሰቡ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይበት መንገድ የለውም።

ሕጉና ተቋማቱ

ኢትዮጵያ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 909ን ያወጣች ሲሆን፣ ይህ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ተተክቷል። የውጭ አገር የሥራ ስምሪትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። በአፍሪካ ኅብረት የወጣው የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚመለከተው የካምፓላ ስምምነትም በ2012 ዓ.ም. ጸድቋል። በታህሳስ 2011 ዓ.ም. በሞሮኮ ማራካሽ የተወሰነው የዓለም አቀፍ የፍልሰት ቃል ኪዳን ከዘረዘራቸው 23 ዓላማዎች የመጀመሪያው ትክክለኛ መረጃን መሰብሰብና መጠቀም ሲሆን፣ የጠፉ ስደተኞችን መፈለግና ማንነታቸውን መለየትም ከዓላማዎቹ አንዱ ነው።

የሕግ ማዕቀፉ ይህን ያህል የተሟላ ቢሆንም መረጃው ያለው በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች እጅ ነው። ፖሊስ የተያዘውን ደላላ፣ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በሕጋዊ መንገድ የሄደውን፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ፓስፖርት ያወጣውን፣ ማህበራዊ ጉዳይ ደግሞ ተመላሹን ያውቃል። አንድ ሰው ከመሄዱ ጀምሮ እስኪመለስ ያለውን መንገድ በአንድነት የሚያሳይ መዝገብ ግን ከእነዚህ ሁሉ ተገጣጥሞ ካልሆነ በአንዱ ብቻ አይገኝም።

ቆጠራው ከቀበሌ ሲጀምር

የድንበር ጣቢያ ሊያየው ያልቻለውን ተጓዥ ሁሌም የሚያውቀው የተነሣበት ቀበሌ ነው። የጎረቤት ልጅ ከሰነበተበት ሲጠፋ መንደሩ በሁለት ቀን ውስጥ ያውቃል። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእያንዳንዱን ቤት አባላት ስም የያዘ የቤተሰብ ማህደር አላቸው። ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ የሚመዘገብበት የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በቀበሌ ደረጃ ይከናወናል። ዕድሮችና የእምነት ተቋማትም አባሎቻቸውን ያውቃሉ።

የዚህ መረጃ ጠቀሜታ በአንድ ምሳሌ ሊታይ ይችላል። በአንድ ቀበሌ በዓመቱ 40 ወጣቶች ሄዱ እንበል። 31 መድረሳቸውን በስልክ አሳወቁ፤ አምስቱ በመንገድ ተይዘው ተመለሱ። የቀሩት አራቱ የት እንዳሉ አይታወቅም። አገር አቀፍ ሪፖርት የሚያሳየው 40ውን ብቻ ነው። ለወረዳው አስተዳደር ግን ዋናው ቁጥር አራት ነው፤ ምክንያቱም የእነዚህ አራት ወጣቶች ስም፣ የወጡበት ቀንና መጨረሻ የደወሉበት አገር ከታወቀ ከቆንስላ፣ ከእስር ቤትና ከሆስፒታል መረጃ ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ቤተሰቦች በዚህ ረገድ ሊጠቀሙበት የሚችሉ አገልግሎትም አለ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማህበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር በመተባበር የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማፈላለግና የማገናኘት ሥራ ያከናውናል። ጥያቄው የሚቀርበው በቤተሰቡ በመሆኑ አገልግሎቱ መኖሩን የቀበሌ ሠራተኛ ማወቁና መንገሩ ብቻ ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ እርዳታ ነው።

ይሁንና ምዝገባው ጥንቃቄ ይሻል። የልጁን መሄድ የተናገረ አባት በሕገወጥ ድርጊት ተባባሪ ተብሎ እጠየቃለሁ ብሎ ከሰጋ ዝም ይላል፤ መረጃውም ይደርቃል። ስለዚህ ስለ ጠፋ ሰው የሚሰጥ መረጃ ደላላን ለመክሰስ ከሚደረግ ምርመራ ተለይቶ እንዲያዝ፣ ስም ዝርዝሩም ለማይመለከተው ሰው እንዳይደርስ ማድረግ ያስፈልጋል። የተጓዦችና የቤተሰቦቻቸው ስልክ ቁጥር በአሻጋሪዎች እጅ ከወደቀ ገንዘብ ማስፈራሪያ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ መረጃ መሰብሰብ በራሱ ግብ ሆኖ መታየት የለበትም። ከአንድ ቀበሌ የሚሄዱት በየትኛው ወር እንደሚበዙ፣ የስንተኛ ክፍል ተማሪዎች እንደሆኑና ወጪያቸውን ማን እንደሚሸፍን ከታወቀ የማህበረሰብ ውይይቱ፣ የሥራ ፈጠራ ድጋፉና የፖሊስ ክትትሉ ወቅቱንና ቦታውን ጠብቆ ሊካሄድ ይችላል። ተመላሾች ሲመጡም ምን ሙያ ይዘው እንደመጡ የሚያውቅ ወረዳ ድጋፉን ለይቶ ለመስጠት አይቸገርም።

በዓለም ደረጃ የተዘረጋው የፍልሰት ክትትል በሚሊዮን የሚቆጠር እንቅስቃሴን ለማየት ያስችላል። የመስመሩን አቅጣጫ፣ መጨመሩንና መቀነሱን ያሳያል። በቴቴ፣ በምዚምባና በሉሳካ የተገኙት ሰዎች እነማን ነበሩ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ግን እነዚህ ወጣቶች ከተነሡበት መንደር ነው። በመሆኑም በዶዮገናም ሆነ በሌሎች የሀዲያና የከምባታ ወረዳዎች በአንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ የሚሰፍር አንድ ስምና አንድ ቀን፣ ከአገር ርቆ ለሞተ ሰው ስሙን ለመመለስ፣ ለቤተሰቡም ለቅሶውን ለመቀመጥ ወይም በተስፋ ለመጠበቅ የሚያስችል መረጃ መሆኑን የየደረጃው ኃላፊዎች ሊገነዘቡት ይገባል።